ደገኛ ነኝ ብሎ ተራራን መናቅ

አባቶቻችን ወደ ቆላ መውረድን ይፈሩ ነበር። ደገኛው ወደ ተከዜ ወይም ወደ ዓባይ በረሃ የሚያወርድ ጉዳይ ሲገጥመው ወራቱን ይመርጣል፤ በቆላም ከማደር ይልቅ ጉዳዩን ቶሎ ጨርሶ ወደ ደጋው መመለስን ይወዳል። ንዳድን የምታመጣው ቢምቢ መሆኗ ገና ሳይታወቅ፣ ሰው ከሞቃቱ ሸለቆ በሽታ ይዞ እንደሚመለስ በልምድ ተረድተውት ነበርና ጥንቃቄያቸው ከንቱ አልነበረም።

ወደ ላይ ስለ መውጣት ግን እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ እምብዛም አይሰማም። «ደጋ ጤና ነው» ይባላል፤ አየሩ ንጹሕ፣ ምንጩ ቀዝቃዛ፣ ሰዉም ጠንካራ ነው ይባላል። ይህ አባባል እስከ አንድ ወሰን ድረስ እውነት ነው። ከደጋው በላይ ካለው ከውርጭ ምድር ሲደርሱ ግን ተራራውም በተራው የራሱ የሆነ ሕመም እንዳለው ይታወቃል። ይህን ሕመም እኔ ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ስለዚህ በመጀመሪያ የደረሰብንን ልንገራችሁ።

ጨነቅ ላይ ያሳለፍነው ሌሊት

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ዩኒቨርሲቲውን ጨርሰን ሥራ በያዝንበት በመጀመሪያው ዓመት፣ አራት ጓደኛሞች ራስ ደጀንን ለማየት ተነሣን። እኔ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው፤ ስለዚህ ብርድንና ዳገትን የሚመለከት ነገር ሁሉ የእኔ ሥልጣን መስሎኝ ነበር። ከመካከላችን አንዱ ግን ተወልዶ ያደገውም፣ ሥራ የያዘውም ድሬዳዋ ነው። ለዚሁ ጉዞ ሲል በአውሮፕላን አዲስ አበባ መጥቶ፣ በማግሥቱ ከእኛ ጋር ጎንደር ገባ።

በሦስተኛው ቀን ጎንደር ላይ ቁርሳችንን በልተን፣ በደባርቅ አልፈን፣ በዚያው ዕለት ማታ ጨነቅ ላይ ድንኳን ተከልን። በመኪና ተቀምጠን ጭላዳ ዝንጀሮውንና ገደሉን ስንመለከት ስለ ዋልን ድካም የሚባል ነገር አልተሰማንም። ያላሰብነው ነገር ቢኖር፣ ከጎንደር እስከ ጨነቅ ወደ 1,500 ሜትር ያህል ሽቅብ መውጣታችንን ነው። ለድሬዳዋው ልጅማ የሦስት ቀኑ ሂሳብ 2,400 ሜትር ያህል ነበር።

በዚያች ሌሊት ራሴን እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይወቅረኝ ጀመር፤ ምግብም አስጠላኝ። ለጓደኞቼ ግን አልነገርሁም። የደብረ ብርሃን ልጅ በብርድ አገር ታመመ ከሚባል ዝም ብሎ ማደር ይሻላል ብዬ ነው። የቦታው ስም «ጨነቅ» መባሉን ያን ጊዜ አልመረመርሁትም ነበር።

በማግሥቱ ወደ ቧሂት ስንወጣ የድሬዳዋው ልጅ ከኋላ ቀረ። በየሃያ እርምጃው ይቆማል። እኛም «ቆለኛው ደከመው» እያልን ቀለድንበት፤ እርሱም አብሮን ሳቀ። ሌሊቱን እንቅልፍ ስላላገኘ መሆኑን ብቻ ነገረን። እኔም ራሴ ሌሊቱን አለመተኛቴን አልነገርሁትም።

ሁለተኛው ሌሊት ከፋ። ደረቅ ሳል ያዘው። መተኛት አቅቶት ድንኳኑ ውስጥ ቁጭ አለ፤ ተቀምጦም ሳለ ዳገት እንደ ሮጠ ሰው ያለከልካል። በባትሪ ብናየው ከንፈሩ ጠቁሯል። ከእኛ አንዱ አረቄ እንስጠው አለ። ሌላው ብርድ ነው፣ ብርድ ልብስ እንጨምርለት አለ። ከደባርቅ ጀምሮ ለጥበቃ አብሮን የመጣው ሽማግሌ ግን ጠመንጃውን ይዞ መጥቶ ጥቂት ከተመለከተው በኋላ፣ «ልጆቼ፣ ይህ ሰው የሚሻለው ሲወርድ ነው። ንጋትን አትጠብቁ» አለን።

ገንዘቡ ተከፍሏል፤ የሌሊት መንገድ ያስፈራል፤ ራስ ደጀንም ሊቀር ነው። እውነቱን ለመናገር፣ «እስኪነጋ እንታገሥ» ካሉት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርሁ። ሽማግሌው ክርክራችንን አልሰማም፤ ሄዶ ሾፌሩን ቀሰቀሰው። ደባርቅ ስንደርስ የጓደኛችን ትንፋሽ ረገብ አለ፤ ጎንደር ስንገባ መናገር ቻለ። የመረመረው ሐኪም ደረቱን ካዳመጠና ፎቶግራፍ ካነሣው በኋላ፣ ሳንባው ውሃ መቋጠር ጀምሮ እንደ ነበር ገለጸልን። ወደ እኛ ዞር ብሎም «ማነው አውርዱት ያላችሁ?» ሲል ጠየቀ። አንድ ሽማግሌ ነው አልነው። ራሱን ነቀነቀና «አመስግኑት» አለን።

አየሩ ሲሳሳ

ብዙ ሰው በተራራ ላይ ኦክሲጅን «የለም» ወይም «ጥቂት ነው» ሲል ይሰማል። ነገሩ እንደዚህ ነው። በጅቡቲ ዳርቻም ሆነ በራስ ደጀን ጫፍ፣ ከአየሩ 100 እጅ ውስጥ 21 ያህሉ ኦክሲጅን ነው። የሚለወጠው የአየሩ ግፊት ነው። አየር ክብደት አለው፤ በባሕር ዳር ያለው አየር ከላዩ የተከመረው አየር ሁሉ ስለሚጫነው የታመቀ ነው፤ ሽቅብ በወጣን መጠን ግን የሚጫነው እያነሰ ስለሚሄድ ይሳሳል። የአዲስ አበባ አየር ግፊት በባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ከ4,500 ሜትር በላይ በሆነው በራስ ደጀን ላይ ደግሞ ከግማሹ ጥቂት ቢበልጥ ነው። ስለዚህ እዚያ የምንስበው እያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያስገባልን ኦክሲጅን በዚያው ልክ ያነሰ ነው።

ይህንን በድስት እንኳን ማየት ይቻላል። ጨነቅ ላይ ምስር የቀቀለ ሰው ምስሩ አልበስል ብሎ እንደሚያስቸግረው ያውቃል። የአየሩ ግፊት ሲቀንስ ውሃው ገና 88 ዲግሪ ያህል ሳለ ይፈላልና፣ ቢንፈቀፈቅም እንደ ቆላው ውሃ አያቃጥልም።

ሰውነታችን ይህ ሲያጋጥመው ዝም ብሎ አይቀመጥም። በመጀመሪያ ትንፋሹን ያፋጥናል፤ የልብም ትርታ ይጨምራል። በሚቀጥሉት ቀኖች ኩላሊት የደሙን ጠባይ ከአዲሱ አተነፋፈስ ጋር ያስማማል፤ ሽንት መብዛቱም ከዚሁ የተነሣ ነው። ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ኦክሲጅን ተሸካሚ የሆኑት ቀይ የደም ሕዋሳት ይበዛሉ። ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል። ሕመሙ የሚመጣው መኪናው ወይም አውሮፕላኑ ከሰውነታችን ሲፈጥን ነው።

ጥንካሬ ዋስትና አይደለም

ወጣት ነኝ፣ ስፖርተኛ ነኝ የሚል ሰው ይህ ነገር የሚያገኘው አይመስለውም። እ.ኤ.አ. በ1891 በፈረንሳይ አገር በሻሞኒ ከተማ ይሠራ የነበረ ዣኮቴ የተባለ ወጣት ሐኪም ወደ ሞን ብላን ተራራ ወጥቶ፣ ከ4,300 ሜትር በላይ በሆነች ጎጆ ውስጥ ታመመ። እንዲወርድ ቢለመንም የከፍታውን ጠባይ በራሱ ላይ ለመመርመር ፈልጎ እዚያው ቀረ፤ እዚያው ሞተ። አስከሬኑ ሲመረመር ሳንባው አብጦ ውሃ ቋጥሮ ተገኘ።

እ.ኤ.አ. በ1962 ሕንድና ቻይና በሂማላያ ወሰን ላይ ሲዋጉ ደግሞ፣ ከሜዳው አገር በችኮላ ወደ ተራራው የወጡ ብዙ የሕንድ ወታደሮች ጥይት ሳይነካቸው ከፍታው ጣላቸው። ሐኪሞቻቸው ስለ 1,925 ሕሙማን እ.ኤ.አ. በ1969 ያሳተሙት ጽሑፍ እስከ ዛሬ ድረስ በሕክምና ሊቃውንት ዘንድ ይጠቀሳል። እነዚያ ወታደሮች ወጣቶችና ጉልበታሞች ነበሩ።

እኛ ኢትዮጵያውያን በዚህ ረገድ የምንመካበት ነገር አለን። በጥቅምት ወር 1961 ዓ.ም. የኦሎምፒክ ውድድር በሜክሲኮ ከተማ፣ በ2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ሲደረግ፣ በ10,000 ሜትር ሩጫ ኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ አንደኛ፣ የእኛው ማሞ ወልዴ ሁለተኛ ወጡ። በጊዜው የዚያ ርቀት የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት የነበረው አውስትራልያዊው ሮን ክላርክ ግን ስድስተኛ ሆኖ ከገባ በኋላ ራሱን ስቶ ወድቆ በኦክሲጅን ተረዳ። ማሞም ከጥቂት ቀኖች በኋላ ማራቶኑን አሸነፈ። ደጋ ማደግ ጥቅም ያለው መሆኑ በዚያ ታይቷል።

ሌላም አለ። የውጭ አገር ተመራማሪዎች በሰሜን ተራሮች በአምባራስ አካባቢ፣ በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩትን ገበሬዎች ደም መርምረው እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱን አሳተሙ። በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች የሚኖረው ሕዝብ ኦክሲጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን በማብዛት፣ የቲቤት ሕዝብ ደግሞ በደሙ ያለው ኦክሲጅን ዝቅ ቢልም በሌላ መንገድ በመቋቋም እንደሚኖሩ አስቀድሞ ታውቆ ነበር። የአምባራስ ሰዎች ግን ከሁለቱም ተለይተው ተገኙ፤ የሄሞግሎቢናቸውም ሆነ በደማቸው ያለው የኦክሲጅን መጠን በባሕር ዳር ከሚኖር ሰው ጋር የሚቀራረብ ሆነ።

ይህ የሚያኮራ ነው። ነገር ግን ለብዙ ትውልድ በዚያ የኖረው ሕዝብ ያገኘው ጸጋ በአዲስ አበባ ቢሮ ለሚውል ሰው በውርስ ወረቀት አይተላለፍም። አዲስ አበባ ወይም ደብረ ብርሃን የሚኖር ሰው ከጅቡቲው ሰው በጥቂቱ ይሻላል፤ ለ2,400 ወይም ለ2,800 ሜትር ለምዷልና። ለ4,000 ግን አልለመደም። ያለውም ልምድ ቢሆን ዘላቂ አይደለም። በውጭ አገር በቆላ ከተማ ጥቂት ዓመት ኖሮ የተመለሰ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀኖች የአዲስ አበባ ደረጃ ሲያስለከልከው የምናየው ስለዚህ ነው። በፔሩና በኮሎራዶ ተራሮችም እዚያው ተወልደው ያደጉ ሰዎች ለጥቂት ጊዜ ወደ ሜዳ ወርደው ሲመለሱ ሳንባቸው ውሃ እንደሚቋጥር ሐኪሞች ደጋግመው አይተዋል። ደገኛም ይታመማል ማለት ነው።

የሕመሙ ሦስት መልኮች

የመጀመሪያውና ቀላሉ የከፍታ ሕመም ብዙውን ጊዜ ከ2,500 ሜትር በላይ፣ ከደረሱ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምራል። ራስ ያማል፤ ምግብ ያስጠላል፤ ያቅለሸልሻል፤ ያዞራል፤ ያደክማል። በዚያው ከፍታ ላይ ከቆዩና ካረፉ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይለቃል። የራስ ምታት ኪኒን ቢያስታግሰው አይከፋም፤ ኪኒን ውጦ ሽቅብ መቀጠል ግን ስሕተት ነው። በእንቅልፍ ጊዜ የጓደኛችሁ ትንፋሽ ለጥቂት ሰከንድ ቆም ብሎ እንደገና በኀይል ቢጀምር አትደንግጡ፤ ይህ በከፍታ ላይ የተለመደ ነው።

ሁለተኛው የሳንባ ውሃ መቋጠር ነው። ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ሌሊት ይጀምራል። ምልክቱ ከሌሎች ተለይቶ ወደ ኋላ መቅረት፣ ደረቅ ሳል፣ በተቀመጡበት እንኳን ማለክለክ፣ የከንፈርና የጥፍር መጥቆር ነው። ሲብስም አረፋ ያለበት፣ አንዳንድ ጊዜም ደም የቀላቀለ አክታ ይመጣል። ጓደኛዬን የያዘው ይህ ነበር።

ሦስተኛው የአንጎል ማበጥ ነው። ሰውየው ሳይጠጣ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል፤ ንግግሩ ይዘባረቃል፤ ጠባዩ ይለወጣል። የተጠራጠራችሁ እንደ ሆነ፣ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት ጋር እያገጣጠመ በቀጥታ መስመር ላይ 10 እርምጃ ያህል አስኪዱት። ከተንገዳገደ ሌላ ማስረጃ አትፈልጉ።

እነዚህ ሁለቱ በሰዓቶች ውስጥ ይገድላሉ። መድኃኒታቸውም ሽማግሌው እንዳለው መውረድ ነው፤ በሌሊትም ቢሆን፣ በበቅሎ ወይም በቃሬዛም ቢሆን። 1,000 ሜትር መውረድ፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ ያነሰ፣ ሰውን ያድናል። ኦክሲጅን ካለ ይሰጠው፤ ነገር ግን ኦክሲጅን ወይም ሐኪም እስኪመጣ ተብሎ መውረዱ አይዘግይ።

መከላከያው ጊዜ ነው

ሕጉ አጭር ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ሲደርሱ፣ የዛሬው ማደሪያ ከትናንቱ ማደሪያ ከ500 ሜትር በላይ አይብለጥ፤ በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑም አንድ ቀን እዚያው ይረፉ። ቀን ከዚያ በላይ ወጥቶ መመለስ አይከለከልም፤ ወሳኙ የማደሪያው ከፍታ ነው።

የሰሜን ተራሮች መንገድ ለዚህ ሕግ የተመቸ ነው። ጎንደር ያደረ ሰው በማግሥቱ ደባርቅ በ2,850 ሜትር ይደር። በሚቀጥለው ቀን ሳንቃበር 3,250፣ ከዚያ ግጭ 3,600፣ ከዚያ ጨነቅ 3,620 ሜትር ነው። በስድስተኛው ቀን በ4,200 ሜትር የቧሂትን በር አልፎ፣ ወርዶ አምቢኮ በ3,200 ሜትር ያድራል፤ በማግሥቱ በሌሊት ተነሥቶ ራስ ደጀንን አይቶ ወደዚያው ይመለሳል። እኛ በመኪና ዘልለነው ያለፍነው ይህን ሁሉ ነበር።

በባሌ ከጎባ ተነሥቶ በመኪና የሳነቲን ሜዳ የሚያቋርጥም ይህንኑ ያስብ። መንገዱ በጥቂት ጊዜ ከ4,000 ሜትር በላይ ያወጣል፤ ወደ ቱሉ ዲምቱ ጫፍም 4,377 ሜትር ድረስ መኪና ይወስዳል። አይቶ ወዲያው ለሚወርድ ሰው ብዙም አያሰጋም፤ እዚያ ድንኳን ተክሎ ለሚያድር ግን ሌላ ነገር ነው። ለስብሰባ ወደ ቦሊቪያ የሚላክ ባለሥልጣንም ቢኖር፣ የላ ፓዝ አውሮፕላን ማረፊያ ከ4,000 ሜትር በላይ ነውና በደረሰበት ዕለት ንግግር ለማድረግ ባይቸኩል መልካም ነው።

አሴታዞላማይድ የሚባል መድኃኒት ሰውነት ከፍታውን ቶሎ እንዲለምድ ይረዳል፤ የሚወሰደው ግን በሐኪም ትእዛዝ ነው፤ የሰልፋ መድኃኒት የማይስማማው ሰው በተለይ ይህን አስቀድሞ ይናገር። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ወይም የደም ማነስ ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡር ሴትም፣ ጉዞውን ከማሰባቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ።

ስለ ሌሎች ጥንቃቄዎች

አረቄ ያሞቃል የሚባለው ሐሰት ነው። ቆዳችን የሞቀ ይመስላል እንጂ ሙቀቱ ወደ ውጭ ይወጣል፤ በተጨማሪም በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሽን ያዳክማል። የእንቅልፍ ኪኒንም እንደዚሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ሁለቱም ይቅሩ። በደረቁ አየር ብዙ ውሃ ከትንፋሽ ጋር ስለሚወጣ፣ ሽንታችሁ እስኪነጣ ድረስ ጠጡ። የምንጭ ውሃ ከሆነ ይፈላ፤ ከፈላ በኋላም ሦስት ደቂቃ ያህል እሳት ላይ ይቆይ። ለምግብ በሶና ቆሎ ይስማማሉ፤ ሆድ የማይከብዱና በጉዞ ላይ የሚያዙ ናቸው።

ፀሐዩ አያታልላችሁ። ብርድ ቢሆንም ቆዳ ይላጣል፤ ባርኔጣና ጥቁር መነጽር ይያዝ። ሌሊት ውርጭ ስለሚሆን ደረቅ መለወጫ ልብስ ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ ግን የከሰል ማንደጃ ወደ ድንኳን ወይም ወደ ተዘጋ ክፍል አታስገቡ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የደሙን ኦክሲጅን ቦታ ይወስዳል። መጀመሪያ የሚያመጣው ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ስለሆነም ሰው ከፍታው ነው ብሎ ተኝቶ ይቀራል።

አመመኝ ማለት

ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ብቻ ቢያስታውስ፣ ይህን ቢያስታውስ እወዳለሁ። በዚያች ሌሊት ጓደኛችንን ለሞት ያቀረበው ከፍታው ብቻ አልነበረም። እኔ ራሴን እንዳመመኝ በመጀመሪያው ሌሊት ብናገር ኖሮ፣ እርሱም ደረቱን እንደ ጨነቀው አፍሮ ባልደበቀ ነበር፤ በማግሥቱም ወደ ቧሂት ባልወጣን ነበር። ያሳፈረው የእኛ ሳቅ ነው። ስለዚህ የቡድን መሪ የሆነ ሰው በየማታው እያንዳንዱን ስለ ራሱ፣ ስለ ሆዱና ስለ እንቅልፉ ይጠይቅ፤ ከራሱም ይጀምር። የእርምጃውም መለኪያ ከሁሉ የዘገየው ሰው ይሁን።

በዓመቱ አራታችንም እንደገና ሄድን፤ በዚህ ጊዜ በእግርና በሰባት ቀን። የድሬዳዋው ልጅ ሐኪሙን አማክሮ፣ አዲስ አበባም አንድ ሳምንት ቀድሞ መጥቶ ነበር። እርምጃውን የሚመራ እርሱ እንዲሆን ስለ ተስማማን ከፊት ሆኖ ቀስ እያለ ይሄዳል፤ እኛም እንከተለዋለን። ግጭ ስንደርስ ማታ እኔ «ዛሬ ራሴን አሞኛል» አልሁ። የሳቀ ሰው አልነበረም። በማግሥቱ ጉዞውን ትተን እዚያው ጅብራ ሲያብብ ስንመለከት ዋልን። ራስ ደጀንም አንድ ቀን ዘግይተን ብንደርስ፣ በቦታው ቆሞ ሲጠብቀን አገኘነው።